ውኃ ሳልመታ የገባሁበት ባሕር

ከመተማ ዮሐንስ አንድ ሰው ለጥቂት ቀን ከጠፋ፣ ወይ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ፉል እየበላ ነው፣ ወይ ገንዳ ውኃ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለበት። እኔ ዘንድሮ ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ስመለስ ሰፈሩ ከሁለቱ አንዱን ገምቶ ጨርሶ ነበር። ባሕር ገብቼ ሚኒባስ ከሚያህል ዓሣ ጋር ዋኝቼ መጣሁ ስላቸው፣ ትራክተራቸውን ስጠግን ሃያ ዓመት የኖርኩላቸው ሰዎች ግንባሬን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ወባ መስሏቸው። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ እጽፈዋለሁ። ማጋነን እንደምወድ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፤ በዓሣው ርዝመት ላይ ግን የቀነስኩት እንጂ የጨመርኩት የለም።

ነገሩ የመጣው ከሽንፋ ነው። አማቴ እማማ ይታይሽ የሚኖሩት እዚያ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ፈንታሁን፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ሰውና እህል በመኪና ካላማዳሪ እያንሳፈፈ የሚያሻግር ዋናተኛ ነበር። ጅቡቲ ከገባ ስድስት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ወደብ ላይ ተሸካሚ፣ ኋላ ቱሪስት የሚያመላልስ ጀልባ አጣቢ ሆነ። ባለፈው ጥቅምት ለእናቱ ደወለና፣ "እማዬ፣ ዕድገት አገኘሁ! ከእንግዲህ ሰው እየመራሁ ባሕር ውስጥ ገብቼ ዓሣ ነባሪ ላሳይ ነው" አላቸው። የምሥራች ያወራ መስሎታል። እማማ ይታይሽ ግን ባላቸውን የሽንፋ አዞ የበላባቸው ሴት ናቸው። የሱን ስልክ እንደዘጉ ለእኔ አስደወሉ።

"ዘውዱ፣ ሂድና ልጄን አምጣ።"

"እማማ፣ እኔ ከጎንደር ወዲያ አላውቅም እኮ።"

"አፍህ ያውቃል፤ እሱ ያደርስሃል። ልጄን ሳትይዝ ግን በእኔ በር እንዳትመጣ። ከነአፍህ እዚያው ቅር።"

ለአማቴ "እሺ" ከማለት ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ገላባት ሺህ ጊዜ በእግሬ ስሻገር ማንም ያልጠየቀኝን ፓስፖርት ሁለት ወር ፈጅቼ አወጣሁና ጉዞ ጀመርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰሊጥ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ከመተማ ዮሐንስ ወጣሁ። ጭኔ ላይ አምስት ሊትር የሰሊጥ ዘይት የያዘ ጀሪካን ተቀምጧል፤ የእማማ ይታይሽ ስንቅ ነው። ልጃቸውን በዘይት ሊያማልሉት ይሁን ወይስ እስኪመለስ እንዳይከፋው፣ አልነገሩኝም። ኮኪት ስንደርስ ሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ በመንገዱ ዳር ተደርድረው መኪና ይጠብቃሉ። አገሩ ሁሉ ወደ ቆላ ሲወርድ እኔ ብቻዬን ወደ ደጋ። ማሽላ በደረሰ ሰሞን ከመተማ የሚወጣ ሰው ከገዛ ሠርጉ የሚሸሽ ሙሽራ ነው የሚመስለው። አንዱ ሳሉግ ጀሪካኔን አይቶ፣ "ጋሼ፣ ጠላ ነው?" አለኝ። ዘይት ነው ስለው ፊቱ ጠቆረ።

እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ መቀመጥ አይሆንልኝም። ትራክተር ሥር ተኝቼ ቀን ሙሉ እውላለሁ፤ ወንበር ላይ ግን ሩብ ሰዓት ካለፈ ጉንዳን ይወረኛል። የዚያን ቀን የባሰው ሐሳቡ ነው። ልጁን ምን ብዬ ነው የማመጣው? በልመና? በቁጣ? ጠፍሬ አስሬ? ገና ነጋዴ ባሕር ከተማ ሳንደርስ ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?"

"የለም፤ እሾሁ እኔ ነኝ።"

በየኬላው ወርደን ተፈተሽን። ጀሪካኑን ያላሸተተ ፈታሽ የለም። አይከል ላይ ብርዱ ተቀበለን፤ ጎንደር ስንገባ ጥርሴ እንደ ጀነሬተር ይንቀጠቀጥ ነበር። ያደርኩት የሾፌሩ እህት ቤት ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በፊት አይታኝ አታውቅም፤ ግን ብርድ ልብስ ደርባ፣ ጋቢ ደርባ፣ በመጨረሻም የባሏን የክረምት ካፖርት ከላዬ ጣለችብኝ። "የቆላ ሰው በብርድ ሞተ ተብሎ ስሜ እንዳይነሳ" አለች። ጠዋት ከዚያ ሁሉ ክምር ሥር ሲያወጡኝ እንደ ተቀበረ ድንች ነበርኩ።

ረቡዕ፣ አውሮፕላን። በየብስ ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ሁሉም ስለከለከለኝ ነው። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ያለችው ፈታሽ ጀሪካኑን አንስታ፣ "አባባ፣ ይኼ ከእርስዎ ጋር ወደ ውስጥ አይገባም" አለችኝ። አባባ! ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። የተሰደብኩትን ስድብ ዋጥ አድርጌ፣ እናት ለልጇ የላከችው ነው አልኳት። ልጅቷ ዝም ብላ ሄዳ ካርቶን ይዛ መጣች፤ ክዳኑን በፕላስተር ጠመጠመችው፣ በጋዜጣ ጠቀጠቀችው፣ ከሻንጣ ጋር እንዲጫን ራሷ ተሸክማ አስረከበችልኝ። እኔ በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ተደርጎ የተደፈነ የዘይት ታንከር አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ባቡር። የመተሐራ ሜዳ ሲመጣ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ያው ግራር፣ ያው አቧራ። ማሽላው ብቻ ቀረ። ከዚያ ግመሎች ሐዲዱን ዘጉ። ባቡሩ ቆመ። እኛ አገር ግመል መንገድ ከዘጋ ሾፌሩ ይወርዳል፣ ይሰዳደባል፣ ይታረቃል፣ መንገዱ ይከፈታል። እዚህ ሁሉም ተቀምጦ ይጠብቃል። መውረድ ክልክል ነው ተባልኩ። በቆምንበት ሁለት ሰዓት ውስጥ ከፊት ፉርጎ እስከ ኋላ ፉርጎ አርባ ጊዜ ሳልመላለስ አልቀረሁም፤ አንዲት እናት ልጇን፣ "አርፈህ ካልተቀመጥህ እንደዚህ ሰውዬ ትሆናለህ" ስትል ሰማኋት። ልጁ አየኝና አርፎ ተቀመጠ።

ድሬዳዋ ያሳደሩኝ የአልጋ ቤት ባለቤት፣ በየኬላው ጀሪካኑ ሲከፈት ሸሚዜ ላይ የፈሰሰውን ዘይት አይተው አውልቅ አሉኝ፤ ጠዋት ታጥቦና ተተኩሶ በክፍሌ በር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ሂሳብ ስጠይቃቸው፣ "የእናት ዘይት አይደል ያቆሸሸው? ከእናት ዘይት አይከፈልም" አሉ። ለካስ ማታ ታሪኩን ሁሉ ዘርግፌላቸው ኖሯል።

ዓርብ ድንበሩ ደወሌ ላይ ፓስፖርቴ የመጀመሪያ ማኅተሙን ቀመሰ፤ ከቀትር በኋላም ጅቡቲ ከተማ፣ ናጋድ ጣቢያ ወረድኩ። ጅቡቲ ያቃጥላል፣ ያቀልጣል፣ ሰው እንደ ቅቤ ይፈሳል ብለው ያስፈራሩኝ ሁሉ መተማን በሚያዝያ አያውቋትም። ታኅሣሥ ነው፤ ነፋሱ ይነፍሳል፤ የሰሊጥ ማሳ ላይ ጥላ እንዳገኘሁ ያህል ተመቸኝ። ፈንታሁን እየሮጠ መጣና ከመሬት አነሳኝ። ከሽንፋ ሲወጣ የማሽላ አገዳ ነበር፤ አሁን ትከሻው በር ያክላል። ጀሪካኑን ሲያይ ሳቁ ቆመ።

"እማዬ ናት የላከችህ፣ አይደል?"

"ኧረ ለጤናዬ ነው። ሐኪም የባሕር አየር አዘዘልኝ።"

"የትኛው ሐኪም?"

"የትራክተር።"

ሳቀ፤ ግን በዓይኑ አልሳቀም። ምድጃ ላይ ከወገቡ ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ አበላኝ፤ እሱ ቂጣውን የእናቱ ዘይት ውስጥ እየነከረ ሳህኑን ጠራርጎ በላ። በአንዲቷ ክፍሉ ያለችውን አልጋ ለእኔ ለቆ እሱ ምንጣፍ ላይ ተኛ። ከመተኛቱ በፊት ነገሩን አጫወተኝ። ነገ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ጀልባዋ ካፒቴን ዑመር የሚባል የአንድ አፋር ናት። ካፒቴኑ ሰዎች ይዞ ውኃ ሲገባ አይቶ ይመዝነዋል፤ ካለፈ መሪ፣ ከወደቀ እስከ ዕድሜ ልኩ አጣቢ። አንድ ቦታ ባዶ ስለሆነ እኔም በነፃ እገባለሁ።

"ጋሼ፣ ራስህ አይተህ ለእማዬ ንገራት። ከዚያ በኋላ የምትለውን እሰማለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋ ከከተማው ተነስታ ወደ አርታ ዳርቻ ሰዓት ተኩል ያህል ሮጠች። አምስት ፈረንጆችና እኔ ነን። ካፒቴን ዑመር ጺሙን በሂና ያቀላ፣ ከሚናገረው ይልቅ የሚያየው የሚበዛ ሰው ነው። የባሕሩ ዳርቻ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ጎጆ የለ። ውኃው ግን! የአገራችን ወንዝ ጓንግ ክረምት ላይ ሻይ በወተት ይመስላል፤ ይኼ ደግሞ እንደ መስታወት ነው። የጀልባዋ ጥላ ከታች አሸዋው ላይ ሲሄድ ይታያል። በመጀመሪያ ያስፈራኝ ይኼ ማየቱ ነው።

ፈንታሁን ደንቡን ለፈረንጆቹ በፈረንሳይኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ነገረን።

"ዓሣው ዓሣ ነባሪ ይባል እንጂ የዓሣ ነባሪን ያህል ያደገ የሻርክ ዘር ነው። ሰው አይበላም። የሚበላው በዓይን የማይታይ የባሕር ደቃቅ ነው። ከጀልባ አትዘልም፤ ተንሸራትተህ ትገባለህ። አትነካውም።"

"እሱስ ከነካኝ?"

"ከፊቱ ከሌለህ አይነካህም። ከፊቱ አትቆምም፣ ጭራው አጠገብ አትጠጋም፣ ከጎኑ ሦስት ሜትር ርቀህ ትዋኛለህ።"

"ሦስት? እኔ ሦስት መቶ አስቤ ነበር።"

"ጋሼ፣ አትቀልድ። ውኃውን አትደበድብም፣ አትጮህም፣ አታሳድደውም። ስሄድ ትሄዳለህ፤ እጄን ሳነሳ ወደ ጀልባ ትመለሳለህ። ገባህ?"

"ገባኝ።" ገብቶኛል ደግሞ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንደ ዳዊት ደገምኩለት። ተንሳፋፊ ጃኬት አለበሱኝ፤ መነጽር ዓይኔና አፍንጫዬ ላይ ለጠፉብኝ፤ አፌ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ሰኩ፤ በእግሬ የዳክዬ እግር የሚመስል የጎማ ክንፍ ሊያደርጉልኝ አንዱን አጥልቀው ሁለተኛውን እጄ ላይ አስያዙኝ። ካፒቴኑ ሞተሩን አቀዘቀዘ። ከጀልባዋ በስተቀኝ አንድ ግራጫ ነገር ብቅ አለ። ረጅም ነበር። ከዚያም ቀጠለ። ከዚያም ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ የሽንፋን ልማድ ማስረዳት አለብኝ። ሽንፋ ላይ ማንም ሰው ወንዝ ዝም ብሎ አይገባም። በዕድሜ የሚበልጠው ቀድሞ ይወርድና ውኃውን በዱላ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ "ዞር በል!" ብሎ ይጮሃል። አዞ ካለ ሰው መብዛቱን ሰምቶ ይሸሻል። የፈንታሁን አባት አንድ ቀን ውኃ የገባበትን ጥጃ ሊያወጡ ተጣድፈው ሳይመቱ ገቡ፤ የወጣው ጥጃው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውኃ ሳይመታ እግሩን የሚያነሳ የለም። እኔ ራሴ ሴት ልጃቸውን ያገባሁ ሰሞን አማቴ መጀመሪያ ያስተማሩኝ አመታቱን ነው።

እንግዲህ ያ ግራጫ ነገር ወደ እኔ ሲመጣ፣ ከሁላችን በዕድሜ የምበልጠው እኔ የሆንኩ መሰለኝ፤ ደንቡም፣ ዳዊቱም፣ ፈረንሳይኛውም ከጭንቅላቴ በነነ። በእጄ የያዝኩትን የጎማ ክንፍ አነሳሁና ባሕሩን ሦስት ጊዜ አጮልኩት። ቱቦውን ከአፌ ተፍቼ፣ "ዞር በል!" አልኩ። ከዚያ ዘለልኩ።

ዓሣው ሰው አክባሪ ነው፤ ዞር አለ። ጭራውን አንዴ ወዘወዘና ወደ ታች ሄደ፤ ሰማያዊው እየጠቆረ ዋጠው። እኔ ባንድ እግሬ ክንፍ፣ በሌላው ባዶ፣ እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ እየተንፈራገጥኩ ቀረሁ። ቀና ብዬ ሳይ አምስቱም ፈረንጆች ከጀልባዋ ጠርዝ አጎንብሰው ያዩኛል። ፈንታሁን አልተቆጣም። በጃኬቴ ጎትቶ አወጣኝ፤ ፊቱ ግን ያልበሰለ ሸክላ መስሎ ነበር። እስከ ቀትር ዞርን፤ አንድም አልተገኘም። አንዲት ጸጉሯ የነጣ ፈረንጅ ሴት መነጽሯን በሸሚዟ ጫፍ ደጋግማ ትወለውል ነበር። ደረቅ ነው እኮ፤ ትወለውላለች።

ዳርቻ ስንደርስ ካፒቴን ዑመር ከፈንታሁን ፊት ጠራኝ። በዐረብኛ ነው የጠየቀኝ።

"ደንቡን ነግሮሃል ወይስ አልነገረህም?"

እኔ ዐረብኛዬን ገላባት መለዋወጫ ስገዛ ነው የተማርኩት፤ ጥያቄው ፍጹም ገብቶኛል። የገባኝ ሌላም ነገር ነበር። አልነገረኝም ካልኩ ነገሩ ያልቃል። ልመና የለ፣ ቁጣ የለ፣ ጠፍር የለ። አጣቢ ሆኖ ለመኖር ስድስት ዓመት የቆየ ሰው አይደለም፤ ተበሳጭቶ ሻንጣውን ያነሳል፤ እኔም ሰኞ ባቡር ላይ ከጎኔ አስቀምጬው ሽንፋ በክብር እገባለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ሆን ብዬ አልመታሁም፣ ይኼን በጌታ ስም እምላለሁ፤ ግን መምታቴ የፈየደልኝን ሳይ ደስ ያለኝ መሆኑንም መደበቅ አልችልም።

ፈንታሁን ያየኛል። አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

"ዐረብኛ አልሰማም" አልኩ፤ በአማርኛ።

ካፒቴኑ ሁለታችንንም ለረጅም ጊዜ አየን። "ነገ አልወጣም" አለው ለፈንታሁን። "ጀልባዋን እጠብ።"

እሑድን የመሰለ ረጅም ቀን ኖሬ አላውቅም። ፈንታሁን ጠዋት ተነስቶ ወደ ጀልባዋ ሄደ። እኔ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ። ጎረቤቱ የሆነች የሐረር ሴት በረንዳዋ ላይ ሻይ ሰጠችኝ፤ ግማሹን ቆሜ፣ ግማሹን እየሄድኩ ጠጣሁት። በመጨረሻ መንገድ ለመንገድ እየጠየቅሁ ወደቡ ወረድኩ። ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ጠቅልሎ የጀልባዋን ሆድ በቡሩሽ ይፈትጋል። ሁለተኛ ቡሩሽ አንስቼ ከጎኑ መፈተግ ጀመርኩ፤ ቢያንስ እጄ ሥራ አገኘ።

"በል ውሰደኝና ጨርስ ጋሼ" አለኝ ቀና ሳይል። "እማዬ አምጣው ብላሃለች። ለምን ዝም አልህ? አልነገረኝም ብትለው ኖሮ ዛሬ ሻንጣዬን ስጭን ነበር።"

"አንተስ ለምን ዝም አልህ? ነግሬዋለሁ አትልም ነበር?"

"እሱ የኔን ቃል አይደለም የጠየቀው።"

ትንሽ ፈተግን።

"እናትህ ፈርተው ነው" አልኩት። "አባትህ እንደዚያ ሆነው..."

ቡሩሹን አቆመ። "ጋሼ፣ ሽንፋ ላይ ስንት ሰው አሻግሬያለሁ? ካላማዳሪው ላይ ሕፃን አስቀምጬ፣ ነፍሰ ጡር አስቀምጬ። አንድም ቀን ከእጄ በታች ያለውን አይቼ አላውቅም። ደፍርሷል። ጸሎት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አባቴን የወሰደው እኮ አዞው ብቻ አይደለም፤ አለመታየቱ ነው። እዚህ የሚመጣውን አየዋለሁ። ከሩቅ አየዋለሁ። ሰው ይዤ የምገባው እያየሁ ነው።" ቡሩሹን ባልዲ ውስጥ ነከረ። "ለእማዬ ይኼን በስልክ እንዴት አድርጌ ልንገራት?"

ቡሩሹን አስቀመጥኩና ካፒቴን ዑመር ወደተቀመጠበት ጥላ ሄድኩ። ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ፊቱ ቆምኩና በዐረብኛ፣ በመለዋወጫ ዐረብኛዬ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

"ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ትናንት ዐረብኛ አልሰማም አላልህም?"

"ሌሊቱን ተማርኩት።"

ጓደኞቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ለምን ውኃ እንደመታሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ስለ ዱላው፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ አማቴ። አባትዬው ጋ ስደርስ ፊቱን ወደ ጀልባዋ አዞረ፤ ፈንታሁን ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ይኼን ታሪክ በስድስት ዓመት ውስጥ ነግሮት አያውቅም ኖሯል።

"ታማም፣ እሺ" አለ ካፒቴኑ። "ነገ እነዚያኑ እንግዶች እመልሳቸዋለሁ። አንተም ትገባለህ። አንተን ጸጥ አሰኝቶ ያስገባና ያወጣ፣ ማንንም ያስገባል።"

ሰኞ ያው ጀልባ፣ ያው ጥቁር ድንጋይ። ጸጉረ ነጯን ሴት ሳይ አቀርቅሬ ነበር፤ ፓኬት ከፍታ ብስኩት ሰጠችኝ። የጎማውን ክንፍ ሁለቱንም ፈንታሁን ራሱ እግሬ ላይ አጠለቀ፤ እጄ ላይ ምንም አላስቀረም። ፀሐይ ከፍ ስትል አንድ ጥላ ታየ። ካፒቴኑ ከሩቅ ሞተሩን አቀዘቀዘ። ፈንታሁን ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ድምፅ ሳያሰማ ቀድሞ ገባ፤ እኛም ተራ በተራ። የእኔ ተራ ሲደርስ ቁርጭምጭሚቴ ውኃውን ነካ፤ ክንዴ በገዛ ፈቃዱ ወደ ላይ ተነሳ። ሠላሳ ዓመት የለመደ ክንድ ነው። ጎትቼ አወረድኩትና እጄን ከጃኬቱ ማሰሪያ ሥር ወተፍኩት። ሳልመታ ገባሁ። የፈንታሁን እጅ አንጓዬን ያዘ።

ከዚያ ራሴን ውኃ ውስጥ ደፋሁ።

ሰው እንዴት ብሎ ይጽፈዋል? አፉን ከፍቶ ይመጣል። አፉ የኮምባይነር አፍ ነው፤ ግን የሚያጭደው የለም፣ ድምፅም የለው፣ ውኃውን ብቻ ያስገባና በጎኑ ባሉት ስንጥቆች ያስወጣል። ጀርባው ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ በጥቁር ሸራ ላይ ለፀሐይ የተበተነ ሰሊጥ። ዓይኑ የአዝራር ያህል ናት፤ አየችኝ፤ ከቁም ነገርም አልቆጠረችኝ። እንደዚያ ችላ ተብዬ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ወደ እኔ ሲታጠፍ ፈንታሁን አንጓዬን ወደ ጎን ሳበ፤ ከፊቱ ወጣሁ፤ በቦታው አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ። እስኪያልፍ ድረስ እኔ፣ ሩብ ሰዓት መቀመጥ የማልችለው ሰውዬ፣ አንድ ጣቴን አላንቀሳቀስኩም። ካሜራ የያዘ አንድ ፈረንጅ ጭራውን ተከትሎ ሊሮጥ ሲል ፈንታሁን እንዴት እንደደረሰበት አላየሁም፤ ትከሻውን በሁለት ጣት ነካ አድርጎ መለሰው። እንደ ጎረቤት ፍየል፤ ሳይመታ፣ ሳይጮህ።

ወዲያው የሞተር ድምፅ መጣ። ሌላ ጀልባ እየገሰገሰ ደርሶ ሰው እንደ ጆንያ ወደ ውኃው ያራግፍ ጀመር፤ በዓሣው ፊት፣ በዓሣው ጎን። ፈንታሁን እጁን አነሳ። ተመለሱ ማለት ነው። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላን! ባለካሜራው ጭንቅላቱን ወዘወዘ፤ ፈንታሁን እጁን አላወረደም። እኔ ቀድሜ ወደ ጀልባዋ ዋኘሁ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። መሰላሉ ሥር ቆሞ በየጭንቅላታችን ቆጠረን፤ ስድስተኛው ሲወጣ እሱ ወጣ። ባለካሜራው በፈረንሳይኛ አጉረመረመ። ካፒቴን ዑመር ወደ ሌላው ጀልባ ሲያይ ቆየና፣ ለፈንታሁን ሳይዞር፣ "ለነገ አጣቢ ፈልግ" አለው።

ፈንታሁን መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጀልባዋ ወለል ላይ ዝርግት ብሎ ተቀመጠ።

ማክሰኞ ናጋድ ጣቢያ ሸኘኝ። የመመለሻውን መንገድ አልዘረዝረውም፤ ግመል ነበር፣ ባቡር ነበር፣ አውሮፕላን ነበር። ሁሉም ፈጠነብኝ። ስሄድ ልጁን ምን ብዬ ላምጣው ስል የተቁነጠነጥኩትን ያህል ስመለስ ለእናቱ ምን ልበላቸው ብዬ ተቁነጠነጥኩ። አስፋልቱ ላይ ሠላሳ ዓይነት ውሸት አዘጋጀሁ፤ ከውሸቶቹ አንዱ ልጁን ፕሬዚዳንት አድርጎት ነበር።

ሽንፋ ስደርስ እማማ ይታይሽ ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ያበጥራሉ። ከኋላዬ ሰው እንደሌለ አዩ። ሰፌዱን አላስቀመጡም።

"ብቻህን ነህ።"

"ብቻዬን ነኝ እማማ።"

"ምን ሆነ?"

ከሠላሳው አንዱም አፌ አልመጣም። እውነቱን ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ከበሩ ውጭ፤ ክንፉን፣ ጩኸቱን፣ ዝም ማለቴን፣ ቡሩሹን። እሱ ያለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ ከእጁ በታች ያለውን ስለማየቱ። ሲሰሙ ሰፌዱ እጃቸው ላይ ቆመ። ስጨርስም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ ቀልድ አልጨመርኩበትም።

"ደውልልኝ" አሉ።

ደወልኩ። ለሁለታችንም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ሰጠኋቸው። የባሕሩ ነፋስ ከወዲያ ይሰማል።

"እማዬ?"

"ስንት ሰው ይዘህ ትገባለህ?" አሉት። ሰላምታ የለ፣ ደህና ነህ ወይ የለ።

"ስድስት።"

"ስንት ታወጣለህ?"

"ስድስት እማዬ። ቆጥሬ ነው።"

"አንተስ ስንተኛ ነህ?"

ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

"እኔ... እኔ እኮ የምቆጥረው ነኝ" አለ።

"የአባትህ ልጅ። እሱም ሌላውን ሲቆጥር ነው የሄደው።" ድምፃቸው አንዴ ተቆረጠና ተመለሰ። "ከነገ ጀምሮ ሰባት ብለህ ቁጠር። ስድስት ብለህ ከመሰላሉ እንዳትወጣ። ሰባት። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ።"

"በል።"

"ሰባት፣ እማዬ።"

ስልኩን መለሱልኝ። ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉና እንድገባ በእጃቸው ጠሩኝ።